«ደርሷል» ያልኩት ውሃ

«እማማ፣ ውሃው እኮ ደርሷል» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም። ሴትዮዋ ውሃ እንዳልመጣላቸው ለመናገር ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ነው የደወሉት። እኔ ደግሞ ነገሌ ቦረና ከተማ፣ ማራገቢያ ያለው ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሬን አየት አድርጌ «ደርሷል ይላል» አልኳቸው። ይህን ነገር ለዓመታት ለቅርብ ጓደኞቼ እንኳ ሙሉውን አላወራሁም። ዛሬ ልጻፈው። የቀበሌዎቹንና የሌሎቹን ሰዎች ስም ቀይሬያለሁ፤ የራሴን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። ምህረት እባላለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነገሌ ነው። አባቴ በሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ስንወጣ ኦሮምኛ እያወራን ነው ያደግነው። ኮምፒውተር ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አጥቼ ቤት ተቀመጥኩ። ጎረቤት ሞባይል ሲበላሽበት ወደ እኔ ይልካል፤ ከዚያ በቀር የተማርኩትን የሚፈልግ አልነበረም። በኋላ ዝናቡ ወቅቱን እየዘለለ ቆላው ሁሉ ደረቀ። ውሃ በቦቴ የሚያከፋፍል አንድ የረድኤት ድርጅት ሰው ይፈልጋል ተባለና በስድስት ወር ኮንትራት ተቀጠርኩ።

ሥራው ይህ ነበር። ኩሬያቸው የደረቀ ወይም የጉድጓድ ሞተራቸው የተበላሸ ቀበሌዎች ወደ ቢሮው ይደውላሉ። ጸሐፊዋ ጥያቄውን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ቦቴ ይላካል። ቀበሌዎቹ ሲበዙ ደብተሩ ተምታታ። እኔ ደብተሩን የሚተካ፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ሲስተም እንድሠራ ታዘዝኩ። በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። ስክሪኑ ላይ የቀበሌዎቹ ዝርዝር ይወጣል፤ ውሃ የሚጠብቀው ቀይ፣ የደረሰው አረንጓዴ። ሰው ሁሉ «ኢንጅነር» ይለኝ ጀመር። አልጠላሁትም።

ኮድ ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ፤ ያለዚህ ጥፋቴ አይገባችሁም። በእንዲህ ያለ ሲስተም ሰው አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ወደ ሰርቨሩ ጥያቄ ይሄዳል። እዚያ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስፈጽም የኮድ ክፍል አለ። በዳታ ላይ የሚሠሩት ሥራዎች በመሠረቱ አራት ናቸው፤ አዲስ መመዝገብ፣ የተመዘገበውን ማሳየት፣ ማስተካከል፣ መሰረዝ። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ተቀባይ መስጠት ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሻለሁ። ግን ቸኮልኩ። አራቱንም በአንድ ፋይል፣ በአንድ ተቀባይ ውስጥ አጨቅኳቸው። «ይህ ከሆነ እንዲህ፣ ያ ከሆነ እንዲያ» እያለ የሚወርድ፣ እኔ ራሴ ከሳምንት በኋላ ሳነበው የሚያደናግረኝ ረጅም ኮድ ሆነ።

የኛ አገር ኢንተርኔት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ገጹ አንዳንዴ በግማሽ ይከፈትና የጥያቄው ቁጥር ሳይጫን ይቀራል። ጸሐፊዋ ቁልፉን ስትጫን ሲስተሙ «ስህተት» ይላታል። በቀን አሥር ጊዜ ስትጠራኝ ሰለቸኝና አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ቁጥር ካልመጣ መጨረሻ ላይ ከዝርዝሩ ተከፍቶ የታየውን ጥያቄ ውሰድ የሚል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስህተት የሚባል ነገር ጠፋ። ጸሐፊዋ መረቀችኝ።

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጸሐፊዋ ፈቃድ ላይ ስለነበረች እኔ አነሳሁት።

«አካም፣ ኢንታላ ኮ? ናጋ?» አለኝ የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ። «ልጄ፣ ሰላም ነሽ?» ነው ያሉኝ።

«ናጋ፣ ናጋ» አልኩ።

«ሎኮ ነኝ፤ ከሐሮ ዲማ፣ የውሃ ኮሚቴ። ቢሻን ሂንዱፍኔ።»

ውሃው አልመጣም ማለታቸው ነው። ከዚህ በኋላ የተነጋገርነውን ሁሉ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ስክሪኑን አየሁ። ሐሮ ዲማ፤ አረንጓዴ።

«እማማ፣ ውሃው እኮ ደርሷል። ዓርብ ዕለት ደርሷል ይላል።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«ማነው የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«እሱ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ላጣራና እደውላለሁ» አልኩና መስመሩ ተቋረጠ። አላጣራሁም። እውነቱን ልናገር፤ በልቤ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ሁለተኛ ዙር ፈልገው ነው አልኩ። በድርቅ ጊዜ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም ብዬ ጭራሽ ይቅር አልኳቸው። ያን ይቅርታዬን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ የቦቴው ሾፌር ጋሽ ታደሰ ገቡ። አባታቸው ከወሎ በወታደርነት መጥተው ነገሌ ጦር ሰፈር የኖሩ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ኦሮምኛቸው የአገሬው ነው፤ አማርኛቸው ግን የአባታቸውን ቃና አልለቀቀም። ቁልፋቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

«ምህረት፣ ይሄ ሥራ ነው? ለኦዳ ጉዳ ዓርብ አድርሼላቸው ዛሬ ድጋሚ ትልኩኛላችሁ? ታንከራቸው እስካፉ ጢም ብሏል! ሰዎቹ ራሳቸው ገርሟቸው ሲያዩኝ ነበር። ቢርካቸው ውስጥ ገለበጥኩት እንጂ የት ልድፋው?»

ቢርካ በሲሚንቶ የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው።

«ዓርብ የሄዱት ሐሮ ዲማ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሐሮ ዲማ? ሐሮ ዲማን ካየሁ ወር አለፈኝ።»

ያቺ የጨመርኳት መስመር ትዝ አለችኝ። ዓርብ ማታ ጸሐፊዋ ለኦዳ ጉዳ «ደርሷል» ስትል ገጹ በግማሽ ነበር የተከፈተው። ቁጥር አልመጣም። ሲስተሙ ስህተት አላለም፤ እኔ እንዳስተማርኩት መጨረሻ የታየውን ጥያቄ ወሰደ። የታየው ሐሮ ዲማ ነበር። ውሃ ያላገኘው አረንጓዴ ሆነ፤ ያገኘው ቀይ ሆኖ ቀረና ሁለተኛ ቦቴ ተላከለት። ሴትዮዋ አልዋሹም። የዋሸው የእኔ ሥራ ነው፤ እኔም አብሬ።

የሥራ ክፍላችን ኃላፊ ኦቦ ገልገሎ የሞያሌ ልጅ ናቸው። ሃያ ዓመት የውሃ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ቃል የማያበዙ ሰው። ገብቼ «ስህተት ተፈጥሯል፤ ሐሮ ዲማ ውሃ አልደረሰም» አልኳቸው። የማን ስህተት እንደሆነ አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ ቦቴው ነገ በጠዋት እንዲሄድ አዘዙ። ሁለተኛው ቦቴ ተበላሽቶ ስለቆመ ያለን ያ ብቻ ነበር።

«እኔም ልሂድ» አልኩ።

«ፕሮግራመር ቦቴ ላይ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ታደሰ ከበሩ ላይ ሆነው «ትምጣ፤ ቦታ አለኝ» አሉ።

ገና ሳይነጋጋ ወጣን። ከተማውን አልፈን አስፋልቱን ስንለቅ ቀይ አቧራው መኪናውን ዋጠው። ግራሩ ቅጠል የለውም፤ ከሰው የሚረዝሙት ኩይሳዎች ብቻ እንደቆሙ ናቸው። ከኋላችን አሥር ሺህ ሊትር ውሃ ይንቦጫቦጫል። መንገዱ ዳር አንድ ሰው የከሳች ላሙን ጭራዋን ይዞ ለማስነሳት ሲታገል አየን። ጋሽ ታደሰ ቆመው አገዙት፤ ላሟ ተነሳች። ተመልሰው ሲገቡ ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮዱን እንደዚያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ትናንት ሲደውሉም 'ደርሷል' ብዬ መለስኳቸው።»

መኪናውን አስነሱ።

«ልጄ፣ ገጭቶ የማያውቅ ሾፌር ነድቶ የማያውቅ ብቻ ነው» አሉኝ። «ግን ገጭቶ የሚሮጥና ገጭቶ የሚቆም አንድ አይደሉም። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ከቦታው ስንደርስ እናያለን።»

ሐሮ ዲማ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ደረቁ ቢርካ አጠገብ ቢጫ ጀሪካኖች በረጅም ሰልፍ ተደርድረዋል፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው እያንዳንዱ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ባለቤቶቻቸው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። የቦቴውን ድምፅ ሲሰሙ ይሯሯጣሉ ብዬ ነበር። አልሮጡም። ቀስ ብለው ተነሱ። ሴቶቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ወደ እኛ መጡ። አዴ ሎኮ ነበሩ፤ አዴ እንደ እማማ ማለት ነው። «ናጋ?» አሉን። «ልጆች ናጋ? ከብት ናጋ? መንገዱ ናጋ?» እኛም «ናጋ» እያልን መለስን፤ እኛም ጠየቅናቸው፤ እሳቸውም «ናጋ» አሉ። ስድስት ቀን ውሃ የጠበቀ ሰው ሰላም ነን ሲል መስማት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

«አዴ ሎኮ» አልኳቸው፣ «ትናንት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ድምፅሽን ለይቼዋለሁ» አሉኝ።

«እርስዎ እውነት ነበር የተናገሩት። እኔ የሠራሁት ነገር ተሳስቶ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ አልተቆጡምም። አሠራሩን ማወቅ ፈለጉ።

«እዚያ ቢሮ ቃሌን ተቀብሎ የሚጽፈው ማነው?»

«ሲስተሙ ነው፣ አዴ።»

«የተጻፈውን አይቶ ለሾፌሩ የሚነግረውስ?»

«እሱው ነው።»

«ያልኩትን ባስተካክል? ውሃው ሲደርስ ስሜን የሚሰርዘውስ?»

«እሱው።»

«ሁሉንም አንዱ ከያዘው፣ ሲጠፋብኝ ማንን ልጠይቅ?»

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ስለ ኮድ ለማሰብ ፋታ አላገኘሁም። ጋሽ ታደሰ ቱቦውን ዘርግተው ሊከፍቱ ሲሉ አዴ ሎኮ እጃቸውን አነሱ።

«ለሉጎስ መቼ ነው የምትሄዱት?»

ሉጎ ከሐሮ ዲማ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ታች የሚርቅ ቀበሌ ነው። ትናንት ያተምኩትን ዝርዝር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሉጎ፤ «ደርሷል»። ጋሽ ታደሰን ቀና ብዬ አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሉጎም አልሄዱም።

«አልደወሉም እኮ» አልኩ።

«ስልክ ያለው ሰውዬ ከብቱን ይዞ ወደ ዳዋ ወንዝ ወርዷል» አሉ አዴ ሎኮ። «መሄድ የሚችለው ሁሉ ሄዷል። የቀሩት መሄድ ያልቻሉት ናቸው።»

ያለን አንድ ቦቴ ነው። ነገሌ ተመልሶ፣ ተሞልቶ፣ እስኪመጣ ነገ ከሰዓት ይሆናል። ማን ይወስን? ሰዎቹ ከበቡን። አዴ ሎኮ ዞር ብለው ለሕዝቡ፣

«ግማሹን እኛ፣ ግማሹን ሉጎ» አሉ።

አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ። «ስድስት ቀን ጠብቀን ግማሽ? የእኛ ልጆች ልጆች አይደሉም?»

«ናቸው። እኛ ስድስት ቀን ጠብቀናል፤ እኔ ግን ኮረብታ ወጥቼ ልጮህ ችያለሁ። እነሱ የሚጮህላቸውም የለ።»

ሰውየው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጀሪካኗን አየች። በመጨረሻ ሴትየዋ ከሰልፉ መሃል ካስቀመጠቻቸው ሁለት ጀሪካኖች አንዱን አነሳችና ወደ ቤቷ ይዛው ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። ለየሰው አንድ አንድ ጀሪካን ቀረ። ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ወደ ቱቦው አዙረው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው።

ሉጎ ስንደርስ ሰው ያለበት አይመስልም ነበር። ከአንድ ጎጆ አንድ ሽማግሌ ወጡ፤ ከዚያ ሴቶች፣ ከዚያ ልጆች፤ ሃያ አይሞሉም። ሽማግሌው «የወለደች ሴት አለች» ብለው ወደ ውስጥ ጠሩኝ። በሦስተኛ ቀኗ የነበረች አራስ ናት። አጠገቧ አማቷ ከኩሬ የተጨለፈ ቡና የመሰለ ጭቃ ውሃ በነጠላ እያጠለለች ነው። የመጀመሪያውን ጀሪካን ራሴ ተሸክሜ አስገባሁላት። አራሷ አንድ ኩባያ ጠጣች፤ ሁለተኛ ጠጣች፤ ከዚያ «ገለቶሚ» አለችኝ። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። እሷ እኔን። ከጎጆው ወጥቼ መኪናው ጀርባ አለቀስኩ።

ጋሽ ታደሰ ታግሰውኝ ቆዩና፣ «በይ፣ ቆመሻል» አሉኝ። «አሁን ወደ ሥራ።»

ነገሌ እንደተመለስን አቧራዬን ሳላራግፍ ኦቦ ገልገሎ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኮዱን፣ ቁጥር ካልመጣ ብዬ የጨመርኳትን መስመር፣ ስልኩን፣ ሉጎን። ኮንትራቴ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና፣

«ያችን መስመር አውጫት» አሉ። «አሁኑኑ።»

«አወጣታለሁ፤ ግን አይበቃም፣ ኦቦ። ሁሉም በአንድ ተቀባይ ስለተጠቀለለ ነገ ሌላ ነገር ስነካ ሌላው ይበላሻል። መመዝገቡን ለብቻ፣ ማሳየቱን ለብቻ፣ ማስተካከሉን ለብቻ፣ መሰረዙን ለብቻ አድርጌ እንደ አዲስ ላደራጀው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ የሚጽፍ መዝገብም ያስፈልገዋል።»

«ምህረት፣ ድርቅ ላይ ነን። ሞተር እየሠራ አይፈታም።»

«እየሠራ አይደለም፣ ኦቦ። የሚሠራ መስሎ ነው ያጠፋን።»

ይህን ለኃላፊዬ እንዴት እንደተናገርኩት አላውቅም። እሳቸው መሳቢያቸውን ከፍተው አሮጌውን ደብተር አወጡ።

«እስከ ቅዳሜ። ሁለት ቀን በዚህ እሠራለሁ፤ ስልኩንም እኔ አነሳለሁ። ግን መጀመሪያ 'ደርሷል' የሚለውን ሁሉ ከሾፌሮቹ የጉዞ ወረቀት ጋር አመሳክሪ።»

እስኪመሽ ከጋሽ ታደሰ ጋር አንድ በአንድ አየነው። ሌላ አንድ ቀበሌ በሐሰት አረንጓዴ ሆኖ አገኘን፤ በነጋታው ውሃ ደረሰለት። ሌሎቹ ትክክል ነበሩ።

ሐሙስና ዓርብ ኮዱን ፈታሁት። ያን ረጅም ፋይል ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። እያንዳንዱን ሥራ እየነቀልኩ የራሱ ቦታ አስቀመጥኩት። የሚያሳየው ተቀባይ ማሳየት ብቻ ነው፤ ዳታ መንካት አይችልም። የሚመዘግበው አዲስ ከመመዝገብ ሌላ ሥራ የለውም። የሚያስተካክለው የጥያቄው ቁጥር ካልመጣ እምቢ ይላል፤ ግምት የለም። «ደርሷል» የሚለውን ከማስተካከል ለይቼ የሾፌሩን የጉዞ ወረቀት ቁጥር እንዲጠይቅ አደረግኩት። መሰረዝ ደግሞ ያለ ኦቦ ገልገሎ ፈቃድ አይሆንም፤ የተሰረዘውም ከዝርዝሩ ይወጣል እንጂ ከመዝገቡ አይጠፋም። ተቀባዮቹን ስሠራ የአዴ ሎኮ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ይህ ቢጠፋ ማንን ይጠይቃሉ?

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ የጠራሁት ሌላ ፕሮግራመር አይደለም፤ ነገሌ ውስጥ የማውቀው ፕሮግራመር አልነበረም። ጋሽ ታደሰን ጠራኋቸው።

«ምን ላድርግ?»

«ያበላሹልኝ።»

ሳቁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ገጹ እየተከፈተ ሳለ የኢንተርኔት ሞደሙን ከነገመዱ ነቀሉት። ገጹ ግማሹ ቀረ። ሞደሙን መልሰው ሰኩና «ደርሷል» ተጫኑ። «የጥያቄው ቁጥር የለም፤ ምንም አልተጻፈም» አለ ስክሪኑ። ኦቦ ገልገሎ ከኋላችን ቆመው ያዩ ነበር።

«አሁን ደግሞ ተናድጄ ደጋግሜ ብጫነውስ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። አንድ አዲስ ጥያቄ ሞልተው ቁልፉን ሦስት ጊዜ ቀጠቀጡት። ዝርዝሩ ላይ አንድ ቀበሌ ሦስት ጊዜ ወጣ።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ድሮ ቢሆን የትም ቦታ ስፈልግ እውል ነበር፤ አሁን ግን የት እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚመዘግበው ተቀባይ ዘንድ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሳልነካ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አስተካከልኩት። ጋሽ ታደሰ እንደገና ቀጠቀጡት። አንድ ብቻ ወጣ። ዞር ብለው ኦቦ ገልገሎን፣ «እኔ እንግዲህ አቅቶኛል» አሏቸው።

ኦቦ ገልገሎ ደብተሩን ከመሳቢያው ከተቱት። አልቆለፉትም። «አጠገባችን ይሁን» አሉ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ደውይላቸው።»

ቀትር ላይ መስመር አገኘሁ። አዴ ሎኮ እንደዚያ ቀን ነፋስ ላይ ነበሩ።

«አዴ፣ የጠየቁኝን ሠርቼዋለሁ» አልኳቸው። «ቃልዎን የሚቀበለው ሌላ፣ የሚያስተካክለው ሌላ፣ የሚሰርዘው ሌላ ሆኗል። እያንዳንዱ የሠራውን ይጽፋል። ሲደውሉ ማን ምን እንዳደረገ እነግርዎታለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን፣ አዴ?»

«አንቺን ስጠይቅ፣ መጀመሪያ እኔን ትሰሚያለሽ ወይስ እሱን?»

«እርስዎን» አልኩ።

«በይ ውሃው ትናንት ሙሉ ቦቴ መጥቷል። ሉጎም ደርሷል። ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሃል ኮድ የሚጽፍ ይኖራል፣ የማይጽፈው ይበዛል። ይህን የማወራችሁ ስለ ፋይል አደረጃጀት ልስበክ ብዬ አይደለም። እኔ ያን ሳምንት የተማርኩት ሁሉን በአንድ እጅ ጠቅልሎ መሥራት ፈጣን ይመስላል እንጂ ሲሳሳት ስህተቱ የት እንደገባ እንደማይታይ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ስህተትን ዝም ማሰኘት ነው። እኔ «ስህተት» የሚለውን ቃል ከስክሪኑ ላይ አጠፋሁ እንጂ ስህተቱን አላጠፋሁም፤ ስህተቱ ሄዶ አንዲት አራስ ጎጆ ውስጥ ተቀመጠ። እናንተም በየሥራችሁ እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ትኖራችሁ ይሆናል፤ ሰው እንዳይጨቀጭቃችሁ ብላችሁ የጨመራችኋት። ዛሬውኑ ሂዱና እዩዋት።

ኮንትራቴ አልተቋረጠም፤ ታደሰልኝ። ዝናቡም ዘግይቶ ይሁን እንጂ መጣ። ሲስተሙን በኋላ ሌሎች ከተሞችም ወሰዱት። እኔ አሁን የምኖረው ቡሌ ሆራ ነው፤ ሥራዬም ይኸው ነው፣ ከአራት ወጣቶች ጋር። የምንሠራውን ሁሉ ከማስረከባችን በፊት ኮድ የማያውቅ ሰው አስቀምጠን «አበላሽልን» እንለዋለን።

ባለፈው ሳምንት ሞያሌ ካለው ቢሮ አንድ ሠራተኛ ደወለልኝ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ተቆጥቷል።

«እህቴ፣ ይሄ የሠራችሁት ነገር ሰው አያሠራም እኮ! ኔትወርኩ መጣ ሄደ እያለ 'ደርሷል' ብዬ ብጫን እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ብጫን እምቢ! 'የጥያቄው ቁጥር የለም፤ ምንም አልተጻፈም' ይለኛል። ዝም ብሎ ቢቀበለኝ ምን አለበት?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሠራተኛው ይባስ ተናደደ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ባንተ አይደለም» አልኩት። «ገጹን እንደገና ክፈተው፤ ቁጥሩ ሲመጣ ይቀበልሃል። እስከዚያ ግን ንገረኝ፤ ልትመዘግብለት የነበረው ቀበሌ የትኛው ነው? ውሃው መድረሱን ከራሳቸው ሰምተሃል?»

«አልደወልኩላቸውም» አለኝ።

«እንግዲያው ደውልላቸው» አልኩት። «እኔ መስመር ላይ ሆኜ እጠብቅሃለሁ።»